ኦማን፦ ተራራና ባሕር የቀረጹት የንግድ መንግሥት

ኦማን በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ላይ የምትገኝ አገር ናት። ስፋቷ 309,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየብስ የምትዋሰናቸው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲሆኑ፣ በሰሜን ምሥራቅ የኦማን ባሕረ ሰላጤ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የዓረብ ባሕር ያዋስኗታል። ሙሰንደም የሚባለው ግዛቷ በኤምሬቶች መሬት ከዋናው አገር ተነጥሎ የሆርሙዝን የባሕር ወሽመጥ ይቆጣጠራል። በዚህ አቀማመጧ የተነሳ ኦማን ከፋርስ፣ ከህንድና ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር በባሕር የነበራት ግንኙነት፣ በበረሃው በኩል ከጎረቤቶቿ ጋር ከነበራት የጠበቀ ነበር።

በሰሜን የሐጀር ተራሮች ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። ከሁሉ ከፍ የሚለው ጀበል ሻምስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በተራሮቹና በባሕሩ መካከል ባቲና የተባለው ጠባብ ሜዳ አለ፤ የቴምር እርሻውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ነጋዴውም ተጠጋግቶ የኖረው እዚህ ነው። ከተራሮቹ ባሻገር ያለው ምድር ግን እየደረቀ ሄዶ ሩብ አል ኻሊ ከሚባለው ታላቅ የአሸዋ በረሃ ጋር ይገጥማል። ስለዚህም ተራራው አገሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ በአንድ ወገን ወደቦችና ነጋዴዎች ያሉበት ጠረፍ፣ በሌላ ወገን ጎሳዎችና ምሽጎች ያሉበት መሃል አገር። የኦማን ታሪክ በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ወገኖች ሲስማሙና ሲጣሉ የኖሩበት ታሪክ ነው።

መሃል አገሩን ያኖረው አፍላጅ የተባለው የመስኖ ሥርዓት ነው። ከተራራ ሥር የሚገኘው ውሃ ግማሹን መንገድ ከመሬት በታች፣ ግማሹን ከመሬት በላይ በተሠራ ቦይ፣ ያለ አንዳች መሣሪያ በተዳፋቱ ብቻ እየወረደ ከመንደሩ ይደርሳል። እዚያም መጀመሪያ ለመጠጥ ይቀዳል፤ ቀጥሎ ለቤትና ለመስጊድ ያገለግላል፤ በመጨረሻ ወደ ቴምሩ ይለቀቃል። ገበሬዎቹ ውሃውን የሚካፈሉት በጊዜ ነበር፤ ቀን የፀሐይን ጥላ፣ ሌሊት የከዋክብትን አካሄድ እያዩ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ዛሬም 3,000 ያህል አፍላጅ አገልግሎት ላይ ሲሆኑ፣ አምስቱ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ደቡባዊው የዶፋር ግዛት ጠባዩ ሌላ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ በጭጋግና በካፊያ ስለሚሸፍነው ተራራው ይለመልማል። ጭጋጉ በማይደርስበት ከተራራው ጀርባ ባለው ደረቅ ምድር ደግሞ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ለቃሚዎቹ የዛፉን ግንድ በስለት ይፍቃሉ፤ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ሰንብቶ ሲረጋ እየፈለፈሉ ይሰበስቡታል። የመጀመሪያው ፍቅ የሚሰጠው ዕጣን ተራ ነው፤ ምርጡ የሚገኘው ከተደጋጋሚ ፍቅ በኋላ ነው። ይህ ዕጣን በጥንት ዘመን ሱምሁራም ከተባለው ወደብ እየተጫነ ወደ ሜዲትራኒያን አገሮችና ወደ ህንድ ይሄድ ነበር። የሱምሁራም ፍርስራሽና ሌሎች የዕጣን ንግድ ሥፍራዎች በ2000 የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

ከዕጣኑም በፊት መዳብ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት የተጻፉ የሜሶጶጣሚያ ጽላቶች መዳብ የሚመጣበትን አገር ማጋን ብለው ይጠሩታል፤ ሊቃውንት ይህን አገር በዋናነት ከዛሬዋ ኦማን ጋር ያያይዙታል። የአካዱ ንጉሥ ሳርጎን የማጋን መርከቦች ከከተማው ወደብ መድረሳቸውን እንደ ክብር ቆጥሮ አስጽፏል።

ይህን ሁሉ ንግድ ያስቻለው የነፋስ ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ጀልባዎችን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያወርዳቸዋል፤ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው ደግሞ ይመልሳቸዋል። ባሕረተኛው ነፋሱ እስኪዞር በባዕድ ወደብ ወራት መቆየት ነበረበት፤ እግረ መንገዱን ቋንቋ ይለምዳል፣ ያገባል፣ ይዋለዳል። በኦማንና በስዋሂሊ ጠረፍ ሕዝቦች መካከል ያለው ዝምድና የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

መርከቦቹም የተለዩ ነበሩ። ሳንቃዎቹ በብረት ሚስማር አይመቱም፤ ጠርዛቸው እየተበሳ ከኮኮናት ቃጫ በተፈተለ ገመድ ይሰፋሉ፤ ውሃ እንዳይገባም የዓሣ ዘይት ይቀባሉ። የ10ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ አቡ ዘይድ አስ ሲራፊ እንደዘገበው፣ የኦማን ሰዎች ኮኮናት ወደሚበቅልባቸው ደሴቶች ሄደው ከዛፉ ሳንቃውን ይጠርባሉ፣ ከቃጫው ገመድ ይፈትላሉ፣ ከቅጠሉ ሸራ ይሠራሉ፣ ፍሬውን ጭነው ይመለሳሉ። በ1980 በዚሁ ጥንታዊ ዘዴ በሱር ከተማ የተሠራችው «ሶሓር» የተባለች መርከብ ከሙስካት ተነስታ በ1981 ከቻይናዋ ጓንግዡ በሰላም ደርሳለች።

እስልምና ወደ ኦማን የገባው በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን፣ በ630 ገደማ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የኢባዲ መዝሀብ የተባለው የእስልምና ዘርፍ በመሃል አገሩ ሥር ሰደደ። ኢባዲዎች መሪያቸውን ኢማሙን በዘር ሳይሆን በምርጫ መሾም እንደሚገባ ያስተምራሉ፤ ኢማሙ ከፍትሕ ከራቀም ሊሽሩት ይችላሉ። የኢማሞቹ መናገሻ ብዙ ጊዜ ከተራሮቹ ባሻገር ያለችው ኒዝዋ ነበረች። በጠረፉ ደግሞ ሶሓር በ10ኛው መቶ ዘመን ከታላላቅ የእስልምናው ዓለም ወደቦች አንዷ ለመሆን በቃች። ከእሷ በኋላ የገነነችውን ቀልሃትን ማርኮ ፖሎና ኢብን ባቱታ በጽሑፎቻቸው አንስተዋታል።

በ1507 የፖርቱጋሉ አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርክ ጠረፉን ወግቶ ሙስካትን አቃጠለ። ፖርቱጋሎች ከዚያ በኋላ ከተማዋን ከ140 ዓመት በላይ ይዘው የህንድ ውቅያኖስን ንግድ ለመቆጣጠር ተጠቀሙባት። ሙስካት ከኋላዋ በድንጋያማ ተራሮች የታጠረች፣ ከፊቷ ጥልቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት። በወደቡ ግራና ቀኝ የቆሙት የጀላሊና የሚራኒ ምሽጎች በ1580ዎቹ በፖርቱጋሎች እጅ የዛሬውን መልክ ያዙ። ሆኖም የፖርቱጋሎች ሥልጣን ከምሽጎቹ ብዙም አላለፈም፤ መሃል አገሩ አልተገዛላቸውም።

ድሉም የመጣው ከመሃል አገር ነው። በ1624 ናስር ቢን ሙርሺድ አል ያዕሩቢ ኢማም ሆኖ ተመረጠና እርስ በርስ ይዋጉ የነበሩትን ጎሳዎች አስታረቀ። ተተኪው ሱልጣን ቢን ሰይፍ በ1650 ሙስካትን ነጻ አወጣ። የፖርቱጋሎች መርከቦች በእጁ ስለገቡ ኦማን ወዲያው የባሕር ኃይል ባለቤት ሆነች። የኒዝዋን ታላቅ ክብ ምሽግ ያሠራውም እሱ ነው። በ1698 የኦማን ጦር ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ከብቦት የቆየውን የሞምባሳ ምሽግ ያዘ፤ የፖርቱጋሎችም ኃይል ከሞዛምቢክ በስተሰሜን አበቃ።

የ18ኛው መቶ ዘመን የሥልጣን ሽኩቻ አገሩን ከፋፍሎ ለፋርስ ጦር በር ከፈተ። ፋርሶችን ያስወጣው የሶሓር ገዥ የነበረው አሕመድ ቢን ሰዒድ ነው። በ1740ዎቹ ኢማም ሆኖ ሲመረጥ የመሠረተው የአል ቡሰዒድ ሥርወ መንግሥት እስከ ዛሬ በሥልጣን ላይ ነው። የእሱ ዘሮች መቀመጫቸውን ወደ ሙስካት አዙረው ከኢማምነት ይልቅ በንግድ ላይ አተኮሩ፤ በ1798ም ከእንግሊዞች ጋር ስምምነት ፈረሙ።

የንግዱ መንግሥት ጫፍ የደረሰው ከ1806 እስከ 1856 በገዛው በሰዒድ ቢን ሱልጣን ዘመን ነው። በ1833 ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በ1840 «አስ ሱልጣና» የተባለችው መርከቡ ኒው ዮርክ ደረሰች። በዚያው ዓመት ገደማም መናገሻውን ወደ ዛንዚባር አዛወረ። በዛንዚባርና በፔምባ ደሴቶች ያስፋፋው የቅርንፉድ ተክል ደሴቶቹን የዓለም ዋነኛ የቅርንፉድ ምንጭ አደረጋቸው።

ይህ ሀብት የቆመው በባሮች ጉልበት ነበር። ከአፍሪካ መሃል አገር እየታፈኑ ወደ ጠረፍ የተነዱ ሰዎች በቅርንፉድ እርሻዎች ላይ እስኪሞቱ ሠርተዋል፤ ሌሎችም ወደ ዓረብና ፋርስ ተጭነዋል። በሰዒድ ቤተ መንግሥት ሐበሻ ሴቶችም እንደነበሩ ልጁ ሰልማ በ1886 ባሳተመችው ማስታወሻዋ ገልጻለች። የእንግሊዝ መንግሥት በ1822ና በ1845 ባስፈረማቸው ውሎች የባሪያ ንግዱን እየገደበ ቢመጣም፣ የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው ገና በ1873 ነው። የኦማንን የባሕር ገናናነት የሚያወሳ ታሪክ ሁሉ ይህን በደል አብሮ ማውሳት ይገባዋል።

ሰዒድ በ1856 በባሕር ጉዞ ላይ ሳለ ሲሞት ልጆቹ በውርሱ ተጣሉ። የህንዱ እንግሊዛዊ እንደራሴ ካኒንግ በ1861 በሰጠው ፍርድ ዛንዚባር ለማጂድ፣ ሙስካት ለሱወይኒ ሆነ፤ ዛንዚባርም ለሙስካት በየዓመቱ 40,000 ማርትሬዛ እንድትከፍል ተወሰነ። ይህ በኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን መገበያያ የነበረው የብር ገንዘብ ነው። በእነዚያው ዓመታት የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች ጭነቱን ወሰዱ፤ በ1869 የተከፈተው የስዌዝ ቦይም የንግዱን መስመር አዞረው። ሙስካት ደኸየች፤ ከነዋሪዎቿም ብዙዎች ተሰደዱ።

ጠረፉ ሲደክም አሮጌው ክፍፍል ተመለሰ። በ1913 መሃል አገሩ የራሱን ኢማም መረጠ፤ በ1920 የተፈረመው የሲብ ስምምነት ሱልጣኑን በሙስካት፣ ኢማሙን በኒዝዋ አጸና። በ1950ዎቹ መሃል አገር ነዳጅ ይገኛል የሚለው ተስፋ ጦርነት ቀሰቀሰ፤ በ1959 ሱልጣን ሰዒድ ቢን ተይሙር በእንግሊዞች ድጋፍ አሸነፈ። ነዳጁ በ1960ዎቹ ተገኝቶ በ1967 ወደ ውጭ መላክ ቢጀምርም ሱልጣኑ አገሩን ዘግቶ ያዘ፤ የሙስካት በሮች ከመሸ በኋላ ይቆለፉ ነበር። ጁላይ 23 ቀን 1970 ልጁ ቃቡስ ከሥልጣን አወረደው። «ሙስካትና ኦማን» የሚለውን የአገሪቱን ስም «የኦማን ሱልጣኔት» ብሎ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ስም ጠራቸው፤ በዶፋር ተነስቶ የነበረውን አመጽ በጦርም በልማትም አስቆመ፤ በነዳጅ ገቢ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና መንገድ ሠራ። በ2020 ሲሞት የአጎቱ ልጅ ሀይሠም ቢን ጣሪቅ ተተካ።

ዛሬ የሶሓር፣ የዱቅምና የሰላላ ወደቦች ሦስቱም ከሆርሙዝ ወሽመጥ ውጭ በመሆናቸው መርከቦች ወሽመጡን ሳያቋርጡ ይደርሱባቸዋል። የኦማን የረጅም ዘመን ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስረዳል፤ ባሕሩ ሀብት አምጥቷል፣ መንግሥቱ ጸንቶ የቆመው ግን ተራራውና ጠረፉ በተስማሙበት ዘመን ነው።