የጥራት አመራርና የሠራተኛ ቁርጠኝነት በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች

የጥራት አመራር የሕክምና አገልግሎትን በመለኪያ እየተከታተሉ ያለማቋረጥ የማሻሻል አሠራር ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ወጥ መልክ የያዘው ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያን ካወጣ በኋላ ነው። በ2012 ሆስፒታሎች ልምድ የሚለዋወጡበት የጥራት ጥምረት ተመሠረተ፤ በ2016 ብሔራዊ የጥራት ስትራቴጂ ወጣ።

ለውጡ ቶሎ ዓይን የሚገባው ካርድ ክፍል ነው። ካርዶች በቁጥራቸው ካልተደረደሩ፣ ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሕመምተኛ ካርዱ እስኪገኝ ተራው ያልፈዋል። ጨርሶ ከጠፋ አዲስ ይወጣለታል፤ የቀድሞ የምርመራ ውጤቱ ግን ከአሮጌው ጋር ይቀራል። ካይዘን ከተባለው የጃፓን የማሻሻያ አሠራር ጋር የመጡት «አምስቱ ማዎች»፣ ማለትም የሥራ ቦታን የማደራጃ አምስት እርምጃዎች፣ የሚያስተካክሉት እንዲህ ያለውን ነው። መደርደሪያውን በአንድ ዘመቻ ማስተካከል ይቻላል፤ ካርዱን በየማታው ወደ ቦታው የሚመልሰው ግን ሠራተኛው ነው።

ተመራማሪዎቹ ጆን ሜየርና ናታሊ አለን በ1991 የሠራተኛን ቁርጠኝነት በሦስት ከፍለውታል፦ ከመውደድ፣ ከግዴታ ስሜትና መልቀቅ ከሚያስከትለው ኪሳራ የሚመነጭ። የመጨረሻው ሰውን በሥራ ገበታው ላይ ያቆየዋል እንጂ ሕመምተኛን እንዲያጽናና አያደርገውም። በ2015 የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጓል። አጀንዳው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጓንት በሌለበት፣ የትርፍ ሰዓት (ዲዩቲ) ክፍያ ለወራት በሚዘገይበት ማዋለጃ ክፍል ከአዋላጇ ርኅራኄን በሥልጠና ብቻ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም።