የካዕባ ጎዶሎ ጎን፦ ስለ ጤናማ መዋጮ ከታሪካችን የምናገኘው ትምህርት

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

መስጊድ ለማሠራት፣ መድረሳ ለመክፈት፣ ለተማሪዎች መጽሐፍና ወንበር ለመግዛት መዋጮ ያላሰባሰበ ጀመዓ የለም። ሥራው በተጀመረ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎችም አንድ ዓይነት ናቸው። ከማን እንጠይቅ? እንዴት እንጠይቅ? ምን ሸጠን ገቢ እናግኝ? ገንዘቡ ቢጎድልስ ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን እነዚህን የዘመናችን ችግሮች አድርገን እንመለከታቸዋለን። ታሪካችንን ስንመረምር ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በእያንዳንዳቸው ተፈትነው፣ መልሱንም በሥራ አሳይተው እንዳለፉ እናገኛለን።

ጤናማ መዋጮ ስንል ሦስት ነገሮችን ማለታችን ነው። ይኸውም ምንጩ ንጹሕ የሆነ፣ አሰባሰቡ የሰውን ክብር የማይነካ፣ በሰጪውም ሆነ በተቀባዩ ላይ ጉዳት የማያስከትል መዋጮ ነው። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ታሪኮች እነዚህን ሦስቱን ያስረዳሉ።

ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ሆነው ከመላካቸው 5 ዓመት ያህል በፊት፣ ዕድሜያቸው 35 ዓመት ሳለ፣ ይኸውም በ605 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የካዕባ ግንብ ተጎድቶ ስለነበር ቁረይሾች አፍርሰው ሊሠሩት ተስማሙ። ያን ጊዜ ቁረይሾች ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። በወለድ ያበድሩ ነበር፤ በመካከላቸውም ግፍ ነበረ። ሆኖም ከመሪዎቻቸው አንዱ ተነሥቶ ለዚህ ቤት ሥራ ከንጹሕ ገቢ በስተቀር እንዳያስገቡ፣ የዝሙት ዋጋ፣ የወለድ ትርፍም ሆነ ከሰው በግፍ የተወሰደ ገንዘብ እንዳይቀላቀልበት አሳሰባቸው። እነርሱም ተቀበሉት።

ግንቡን በየጎሣቸው ተከፋፍለው ሠሩ። ለጣሪያው የሚሆነውን እንጨት በጅዳ ዳርቻ ከተሰበረ መርከብ ገዙ። ነገር ግን ያሰባሰቡት ገንዘብ ቤቱን በኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መሠረት ላይ ለመጨረስ አልበቃም። ስለዚህ በሰሜን በኩል ጥቂት ክንድ የሚሆነውን ቦታ ከግንቡ ውጭ አስቀርተው፣ የቤቱ ክፍል መሆኑ እንዲታወቅ በዝቅተኛ አጥር ከለሉት። ዛሬ ሒጅር ወይም ሐጢም የምንለው ይህ ነው። ወጪው እንዳጠራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለባለቤታቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) የነገሯቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተመዝግቧል። ያጠረው ንጹሑ ገንዘብ እንደሆነም ዑለማዎች ያስረዳሉ።

እንግዲህ እናስተውል። በመካ ሀብት አልጠፋም ነበር። የወለዱን ትርፍ ቢቀላቅሉበት ኖሮ ቤቱን ለመጨረስ ይቀላቸው ነበር። እነርሱ ግን በሐራም ከሚሞላ በሐላል ቢጎድል መረጡ። ኋላ ዐብደላህ ኢብን ዙበይር (ረ.ዐ.) ሒጅሩን ወደ ውስጥ አስገብተው ቢሠሩትም፣ እርሳቸው ከተገደሉ በኋላ ሐጃጅ እንደ ቀድሞው መለሰው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋፍ የሚያደርግ ሐጃጅ ሁሉ ያንን ጎዶሎ ጎን በውጭ በኩል ይዞራል። ጣዖት አምላኪዎች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ሙስሊም የሆነ የግንባታ ኮሚቴ ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው አንባቢ ይመዝነው።

የየቲሞቹ መሬትና የጉልበት መዋጮ

በ622 እ.ኤ.አ. ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና እንደገቡ መስጊድ ሊሠሩበት የመረጡት ቦታ የሁለት የቲም ልጆች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ የቴምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹ በስጦታ እንሰጣለን ቢሉም ነቢዩ ያለ ዋጋ አልቀበልም ብለው ገዟቸው። የቲም ከደስታው ብዛት ያለውን ሁሉ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚያሰባስበው ሰው ግን የየቲሙን ነገ ማሰብ አለበት። ዛሬም ትንንሽ ተማሪዎች ተገፋፍተው የቁርሳቸውን ገንዘብ ሲያዋጡ ብናይ ይህን ታሪክ ልናስታውስ ይገባል።

ግንባታውም በሰዎች ጉልበት ተከናወነ። ነቢዩ ራሳቸው ጡብ ይሸከሙ ነበር። ሌሎች አንድ አንድ ጡብ ሲያነሡ ዐማር ኢብን ያሲር (ረ.ዐ.) ሁለት ሁለት ያነሡ ነበር። ምሰሶው የዘንባባ ግንድ፣ ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው በትከሻው ተሳተፈ። የአገራችን ገበሬ ደቦ ወጥቶ የጎረቤቱን እርሻ ሲያርስና ቤት ሲያቆም የኖረበት ልማድም ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም።

ክብርን የጠበቀ ጥሪ

ከሙደር ጎሣ የሆኑ ሰዎች ወደ መዲና መጡ። የተራቆቱ ነበሩ፤ የለበሱት የሱፍ ጨርቅ መሐሉን ቀደው በአንገታቸው ያጠለቁት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ችግራቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ቢላልን (ረ.ዐ.) አዛን አስደርገው ካሰገዱ በኋላ ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ማንም ከዲናሩ፣ ከዲርሃሙ፣ ከልብሱ፣ ከስንዴውና ከቴምሩ፣ የግማሽ ቴምር ያህል እንኳ ቢሆን እንዲሰጥ ጠየቁ። ከአንሷሮች አንድ ሰው እጁ ሊይዘው የከበደውን ከረጢት ይዞ መጣ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ምግብና ልብስ ሁለት ክምር ሆነ። የነቢዩም ፊት በደስታ በራ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ችግረኞቹ በሕዝብ ፊት ቆመው እንዲለምኑ አልተደረገም፤ ስለ እነርሱ የተናገሩት ነቢዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ታሪኩ የመጀመሪያውን ሰጪ ከአንሷር መሆኑን እንጂ ስሙን አይነግረንም። መልካም ፈለግ የከፈተ ሰው ከተከተሉት ሰዎች ምንዳ ተካፋይ እንደሚሆን ነቢዩ ያስተማሩት በዚያን ዕለት ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ሰደቃ ሲታዘዝ ድሆቹ ሶሐቦች የሚሰጡትን ለማግኘት ሸክም ተሸክመው ይቀጠሩ ነበር። አቡ ዐቂል (ረ.ዐ.) ያገኙትን ግማሽ ቁና ያህል ይዘው ቀረቡ። ሌላው ብዙ ይዞ መጣ። ሙናፊቆች ግን አላህ የዚህን ትንሽ ነገር አይፈልግም፣ ያኛውም ለይታይልኝ ነው የሰጠው እያሉ በሁለቱም ላይ ተዘባበቱ። በዚህም ምክንያት በሱረቱ ተውባ 79ኛው አንቀጽ ወረደ። በድምጽ ማጉያ የሰጪዎችን ስምና መጠን እየጠሩ፣ ትንሽ የሰጠውን አንገት ማስደፋት ስንት ሰው ከመስጊድ እንደሚያርቅ ልብ ልንል ይገባል።

የተሰቀለው የቴምር ዘለላ

በመዲና መስጊድ ሱፋ በሚባለው ጥላ ሥር ቤት የሌላቸው ዲን የሚማሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የቴምር ባለቤቶች ከምርታቸው ዘለላ እየቆረጡ ለድሆች በመስጊድ ውስጥ እንዲሰቅሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዙ። የራበው ከዚያ እየወሰደ ይበላ ነበር። ይህ አሠራር ለተማሪዎች ከተደረጉ የመጀመሪያ መዋጮዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። የተዋጣውም ነገር ለአካል የሚጠቅም ምግብ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን አንድ ሰው የደረቀና የተበላሸ ቴምር ሰቀለ። ነቢዩ ይህን ሲያዩ በበትራቸው ዘለላውን እየነኩ፣ የዚህ ባለቤት ቢፈልግ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ይሰጥ እንደነበር ተናገሩ፤ እንዲህ የሚሰጥ ሰው በቂያማ ቀን የሚበላው ይህንኑ እንደሆነም አስጠነቀቁ። ስለዚህ ለበጎ ሥራ በመሆኑ ብቻ ምንም ዓይነት ነገር ይቀርባል ማለት አይደለም። ራሳችን የማንበላውን ለሌላ መስጠት መዋጮውን ያበላሸዋል።

ዘላቂ የሆነ ገቢ

መዲና የሚጠጣ ውሃ ባነሰበት ጊዜ የሩማ ጉድጓድ ውሃ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ዑስማን (ረ.ዐ.) ጉድጓዱን ገዝተው ለሁሉም በነጻ አደረጉት፤ የራሳቸው ባልዲ ከሌላው ሙስሊም ባልዲ የተለየ መብት አልነበረውም። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ይኸውም በ628 እ.ኤ.አ.፣ ኸይበር ከተከፈተ በኋላ ዑመር (ረ.ዐ.) እጅግ የሚወዱት መሬት ደረሳቸው። ነቢዩን ቢያማክሯቸው ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲሰጡ መከሯቸው። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ ሆኖ፣ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለእንግዶችና ለመንገደኞች ዋለ። ተቆጣጣሪው በልክ እንዲበላ ተፈቀደለት፤ ሀብት እንዲያከማችበት ግን አልተፈቀደም። ወቅፍ የምንለው ሥርዓት የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በኋላ ዘመን ታላላቅ መድረሳዎች መምህራንና ተማሪዎቻቸውን ያስተዳደሩት ከሱቅ፣ ከእርሻና ከመታጠቢያ ቤት በሚገኝ የወቅፍ ገቢ ነበር፤ በየወሩ ሰው ደጅ መቆም አላስፈለጋቸውም።

የሒጃዝ የባቡር መንገድ

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ አንድ ምሳሌ እንጨምር። የዑስማኒያ መንግሥት በአውሮፓ አበዳሪዎች ዕዳ ተይዞ ሳለ፣ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ በ1900 እ.ኤ.አ. ከደማስቆ እስከ መዲና የሚደርስ የባቡር መንገድ እንዲሠራ አወጁ። ለውጭ ብድር ሳይሆን ለዓለም ሙስሊሞች ጥሪ ቀረበ። ከሕንድ፣ ከግብፅና ከሌሎችም አገሮች መዋጮ ተላከ፤ ለሰጪዎችም ሜዳይ ተሰጠ። 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ በ1908 እ.ኤ.አ. መዲና ደረሰ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ሁሉ በፈቃድ የተሰጠ አልነበረም፤ ከመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በግዴታ ይቆረጥ ነበር። ከወለድ ብድር መራቁ የሚያስመሰግን ነው። ደመወዝተኛውን ማስገደዱ ግን ከሙደር ሰዎች ቀን ጋር አይመሳሰልም።

ወደ እኛ ስንመለስ

በወሎ ደረሶች ቀለም ሲቀስሙ የኖሩት የአካባቢው ሰው ካለው ምግብ እያካፈላቸው ነው። የእኛም እናቶችና አባቶች ከሱፋ የተገኘውን ትምህርት ሳያነቡት ሠርተውበታል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለኮሚቴዎችና ለትምህርት ቤት ወላጆች ጥቂት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ትኬት ሽጦ ዕጣ የሚያወጣ ቶምቦላ ከቁማር ስለሚቆጠር ይቅር። በባዛር ቀን ለልጆች ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ሸጦ ጥርሳቸውን አበላሽቶ ወንበር ከመግዛት፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና ቴምር መሸጥ ይሻላል። ወጣቶች የእግር ጉዞ አዘጋጅተው ደጋፊ በየኪሎ ሜትሩ ቃል ይግባላቸው፤ ችግኝ አፍልተው ይሽጡ፤ የሠፈር ሰው አጥር ያጥሩ፤ የደመወዛቸውንም ለመድረሳው ያውሉ። ሰጪው ካልፈቀደ ስሙ አይጠራ። የገባውና የወጣው ገንዘብ ግን በግልጽ ተጽፎ በመስጊዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በየዓመቱ ከመለመን ይልቅም አንድ ሱቅ ወይም አንድ ወፍጮ በወቅፍ ይቋቋም።

ይህን ሁሉ አድርገንም ገንዘቡ ሊያጥር ይችላል። ያን ጊዜ ከጥርጣሬ ገንዘብ ከመበደር ሁለት ክፍል ሠርቶ ሦስተኛውን ለመጪው ዓመት ማቆየት ይሻላል። መሠረቱ ተለክቶ፣ ድንበሩ ታጥሮ ይቆይ። የሚመጣው ትውልድ ያጠናቅቀዋል።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ የሰጡትንም፣ የለፉበትንም ይቀበላቸው። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።