የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ሦስቱ ሙያዎች

በ1940ዎቹ አጋማሽ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ደምቢያ እህል የሚታፈስበት ለም አገር ነው። ይሁን እንጂ ክረምት ሲወጣ ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ሜዳ በመሆኑ ለወባ ትንኝ መራቢያ የተመቸ ነው። የንዳዱ ወራት ከመኸር ጋር ስለሚገጥም ቤተሰቡ የታመመበት ገበሬ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዳት ይደርስበታል፤ ሰውም ይሞትበታል፥ የደረሰ ሰብልም ሳይታጨድ ይቀርበታል።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሐኪም የሚያሠለጥን ፋኩልቲ አልነበረም። የመጀመሪያው በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1957 ዓ.ም. ነው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚሠሩትም በዋና ከተማውና በአንዳንድ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ነበር። ስለዚህ ለመንግሥት የቀረበው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ ገጠሩ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ይጠብቅ ወይስ ሌላ መንገድ ይፈለግ?

መልሱ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ተሰጠ። የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና «ፖይንት ፎር» ከሚባለው የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ጋር በመተባበር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። በከተማው ሆስፒታል ስለ ነበር ተማሪዎቹ በሽተኛ እያዩ ለመማር ቻሉ። ከከተማው ወረድ ሲሉ ደግሞ ያው በወባ የተመታው የደምቢያ ገጠር ይገኛል። በመሆኑም የትምህርቱ ክፍልና የችግሩ ስፍራ የተራራቁ አልነበሩም።

ኮሌጁን ከሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚለየው ሦስት ሙያዎችን ጎን ለጎን ማሠልጠኑ ነው። የመጀመሪያው ጤና መኮንን ሲሆን በሽተኛ መርምሮ ያክማል፥ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። ሁለተኛዋ የማኅበረሰብ ነርስ ስትሆን እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትከታተላለች። ሦስተኛው ሳኒታሪያን ነው። የእርሱ በሽተኛ ሰው ሳይሆን አካባቢው ነው፤ ምንጩ፥ ጉድጓዱ፥ ቄራው፥ የገበያው ስፍራና የቆሻሻው መጣያ ነው።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በተለይ የሦስተኛውን ሙያ ትርጉም ሳይረዱት አይቀሩም። ሳኒታሪያኑ ምንጭ በሚያጎለብትበት ጊዜ ዐይኑን በድንጋይና በሲሚንቶ ይከልላል፤ የጎርፍ ውሃ እንዳይገባበት ከበላዩ ቦይ ያወጣል፤ ከብትና ሰው በአንድ አፍ እንዳይጠጡ የከብቱን ገንዳ ከታች ያደርጋል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍርም ከውሃው ያለውን ርቀትና የመሬቱን ተዳፋት ይመለከታል። ይህ ሁሉ የምሕንድስና ሥራ ነው። ልዩነቱ መሐንዲስ ሊደርስበት ባልቻለው ቀበሌ፥ በመንደሩ ሰው ጉልበትና በአካባቢው ዕቃ መሠራቱ ነው። በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን ከመድኃኒቱ ይልቅ በንጹሕ ውሃ ሊድን እንደሚችል የጎንደር ኮሌጅ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶ አሳየ።

ሦስቱ ሙያተኞች ለየብቻ ተምረው ለየብቻ አልተበተኑም። በሥልጠናቸው መጨረሻ በደምቢያ እንደሚገኘው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ወጥተው አብረው ይሠሩ ነበር። የመንግሥቱ ዕቅድ አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ስለ ነበር ይህን ያህል ሕዝብ የሚጠብቀው ሐኪም ሳይሆን ይህ ትንሽ ቡድን ሆነ።

የሥራው ክብደት ወዲያው ተፈተነ። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በደጋማው አገር ሳይቀር በተስፋፋው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በኋላም በ1963 ዓ.ም. በተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሳኒታሪያኖች በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ በሽተኛ ሲፈልጉና ሲከትቡ ቆይተው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ።

ሆኖም የጤና መኮንኑ ኑሮ ያለ ችግር አልነበረም። ሥራው የሐኪም፥ ማዕረጉ ግን ከሐኪም በታች ነበር። ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ብቻውን ኃላፊነት ተሸክሞ ለዕድገቱ የሚታየው በር ግን ጠባብ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ሕክምና ትምህርት ወይም ወደ መሥሪያ ቤት አስተዳደር አዘነበሉ። ገጠሩ የሚፈልገውን ሙያ ፈጥሮ ሙያተኛውን በገጠር የሚያቆይ ደመወዝና ክብር አለማዘጋጀት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በ1970ዎቹ መግቢያ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲክ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ተቋረጠ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት እንደ ነበር የሚክድ የለም። ነገር ግን አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ዋጋ አስከፈለ፤ የጤና ጣቢያው ወንበር በሐኪም ሳይሞላ የጤና መኮንኑም ምንጭ ደረቀ።

የጎንደር ሐሳብ ግን አልሞተም። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል እንዲሆን አድርጎ ቀረጸው፤ በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ የጤና መኮንን ሥልጠና እንደ ገና ተጀመረ። የጎንደሩም ኮሌጅ ራሱን ከቻለ በኋላ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያስተምሯቸው ነገሮች መካከል የመጸዳጃ ቤት፥ የንጹሕ ውሃና የቆሻሻ አወጋገድ ጉዳዮች ሰፊ ቦታ መያዛቸው የቀድሞው የሳኒታሪያን ሥራ በሌላ ስም መመለሱን ያሳያል።

እንግዲህ የዚህ ኮሌጅ ታሪክ ለጤና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ አገር ከላይ የሚገኘውን ዲግሪ ብቻ እያየች መካከለኛውን ባለሙያ ብትዘነጋ በሕክምና የደረሰው በመንገድ፥ በመስኖና በውሃ ሥራም ይደርሳል። ግድቡን የሚነድፍ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ የመንደሩን ምንጭ ጠብቆ የሚያቆይ ግን ካልተገኘ ሕዝቡ ወደ ኩሬው ይመለሳል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር መሥራቾች ከችግሩ ተነሥተው ሙያውን እንደ ቀረጹ ሁሉ፥ የየሙያው ማኅበራትም የሥልጠና ዕቅድ በሚያወጡበት ጊዜ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ማዕረጉ ሳይሆን ሥራው የሚጠብቅበት ስፍራ ነው።