የአሮጌ ቤዝ ጊታር እድሳት፦ ከመንደር 8 እስከ ፖርት ሱዳን

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ሐሻባ በሚባለው አካባቢ «መንደር 8» የምትባል ሰፈራ አለች። ስሟ ቁጥር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በላይኛው አትባራና በሰቲት ወንዞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በተመረቀው ግድብ ሳቢያ ከቀያቸው ለሚነሡ ሰዎች ከታቀዱት የሰፈራ መንደሮች አንዷ ናት። (ሰቲት ኢትዮጵያውያን ተከዜ የሚሉት ወንዝ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ የሚጠራበት ስም ነው።) በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ይህች ለሌሎች ተፈናቃዮች የታሰበች መንደር በሉግዲ በኩል ለሚሻገሩ ስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ሆነች። ወሩ ተኩል ሳይሞላ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሕዝብ ከ50 ሺህ በላይ ደረሰ፤ ከመንደር 8 ብዙዎቹ ቆየት ብለው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተዛወሩ።

እንዲህ ባለው ሽሽት ሰው የሚሸከመው ልጁን፣ ውኃውንና ቢበዛ አንድ ጥቅል ልብስ ነው። ቤዝ ጊታር አራት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ያለ አምፕሊፋየርና ያለ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከእንጨት ብዙም አይሻልም። ታዲያ ስለ አሮጌ ቤዝ ጊታር እድሳት ለሚነገር ታሪክ መነሻው መንደር 8 የሆነው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ከዚህ ድንበር እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ባለው ምድር የሙዚቃ መሣሪያን መጠገንና የሙዚቃ መሣሪያን መሥራት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው አለማወቃቸው ነው። ሌላው ዓለም የድሮ ጊታርን እድሳት እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይቆጥረዋል። እዚህ ግን መሣሪያ የሚኖረው ለሚጠግን ሰው ነው።

ክራርን እንመልከት። በደጋው የእንጨት ገበቴ፣ በቆላው የብረት ሳህን፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት፤ ከዚያ አምስት ወይም ስድስት ክር። ክሩ ድሮ ጅማት ወይም የበግ አንጀት ነበር፤ በኋላ ናይሎንና ሽቦ ተተካበት። ሱዳኖች የዚህኑ መሣሪያ ወንድም ጠምቡራ ይሉታል፤ ቤጃዎች በራሳቸው ቋንቋ ባሰንኮብ ይሉታል፤ ይህም ስም «መሰንቆ» የሚለውን ቃል ለሰማ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ክራር ሲሰበር ጥገናው ከባድ አይደለም። ሳህኑ ቢቀደድ ሌላ ሳህን፣ ቆዳው ቢላላ ሌላ ቆዳ ይገኝለታል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው አካሉ ምንም ላይቀረው ይችላል፤ ባለቤቱ ግን «ያው ክራሬ» ይለዋል።

የኤሌክትሪክ ጊታር ወደዚህ ዓለም ሲገባ የጠበቀው ይህ ልማድ ነበር። በሱዳን ጊታርን ከዘመናዊው ዘፈን ጋር ያስተዋወቀው ሻርሐቢል አሕመድ ነው፤ ሚስቱ ዘኪያ አቡልቃሲም በአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት ጊታር ተጫዋች ተብላ ትታወቃለች። የኢትዮጵያና የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ በመሆኑ ጆሮ ድንበር ሲሻገር አይደናቀፍም፤ መሐመድ ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ዝግጅት በአልበም እስከ መታተም የደረሰውም ያለ ነገር አይደለም።

በምሥራቅ ሱዳን ከሁሉ የሚገርመው የእድሳት ታሪክ ግን የፖርት ሱዳኑ ኑሪ ነው። ኑሪ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ በከተማው የቁራሌ ክምር ውስጥ የተጣለ፣ ግን ያልተጎዳ የጊታር አንገት አገኘ። ጠምቡራ ተጫዋች የነበረው አባቱ ደግሞ የ1970ዎቹን ጠምቡራ ሰጥቶት ነበር። ኑሪ ሁለቱን በየዳ አጋጠማቸው፤ ኤሌክትሪክ አስገባባቸው። የተገኘውን መሣሪያ «ታምቦ ጊታር» ብሎ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዶርፓ የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ የባንዱ አልበም በ2022 ለዓለም ገበያ ሲቀርብ የቤጃ ዜማ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተቀርጾ ብዙዎች ከአካባቢው ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። በዚያ ቅጂ ውስጥ ከሳክስፎኑና ከከበሮው በታች ዝግ ብሎ የሚራመደው ቤዝ ጊታር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጠምቡራ አንገት የለውም፤ እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ኑሪ የጊታር አንገት ሲበይድበት ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ የማውጣትን ዕድል ጨመረለት። በኢትዮጵያ በኩል መንገዱ ተቃራኒ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ በባህል ምሽቶች የሚታየው ቤዝ ክራር የቤዝ ጊታርን ቦታ ወሰደ እንጂ አንገቱን አልወሰደም። ትልቅ ሳህን፣ ወፋፍራም ክር፣ ፒክአፕ፤ ከዚያ በቃ። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ነው፤ የኑሪው ይበልጥ ደፋር፣ የቤዝ ክራሩ ይበልጥ ለቅኝቱ ታማኝ።

ወፍራም ድምፅ ራሱ ለአበሻ ጆሮ ድንገተኛ አልነበረም። አሥር ክር ያለው በገና ከቤዝ ጊታር ዘመናት አስቀድሞ ዝቅ ባለው ድምፁ ይታወቃል፤ ነገር ግን የጸሎትና የጾም መሣሪያ በመሆኑ ለጭፈራ አይታሰብም። የጭፈራውን ወለል የሠራው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የባንድ ዘመን ነው። የአይቤክስ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮና የዋሊያስ ባንዱ መላከ ገብሬ ቤዙን ከኋላ ያለ ድጋፍ ከመሆን አውጥተው የዘፈኑ አጥንት አደረጉት። የመሐሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የሰማ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀረጸ ነው፣ ቤዙ ቢወጣ ምን እንደሚቀር ለራሱ ይፍረድ። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሕይወት ሲያጠብ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ማስገባትን አከበደ። በመሆኑም በእጅ ያለው መሣሪያ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ግድ ሆነ። ክር ሲበጠስ የሚቀጠለው፣ ቀለሙ ሲላጥ የሚቀባው፣ ሽቦው ሲለቅ በስታኞ የሚበየደው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ስለ ቀለሙ የሚነገር አንድ አስተያየት አለ፦ አሮጌ ቤዝን በመኪና ቀለም መቀባት የችግረኛ ሥራ ነው፣ መሣሪያውን ማዋረድ ነው የሚል። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው ፕሪሲዥን ቤዝ ዛሬ በየመድረኩ የሚታየውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ቅርጽ የቀደደ ነው። ፋብሪካው ደንበኛ መርጦ የሚያዝዛቸውን ቀለሞች የወሰደው ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለመኪና ከሚያመርታቸው ዱኮና ሉሳይት ቀለሞች ነበር። «ፌስታ ቀይ» የተባለው ተወዳጅ ቀለም ከፎርድ መኪና፣ «ሌክ ፕላሲድ ሰማያዊ» ከካዲላክ የመጡ ናቸው። ዱኮ ደግሞ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ለባሩድ ከሚውለው የጥጥ ኬሚካል ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ስለዚህ በገዳሪፍ ወይም በጎንደር ጋራዥ ውስጥ የመኪና በር የሚረጭ ቀለም ቀቢ የቤዝ አካል ቢመጣለት ከባህሉ አልወጣም፤ እንዲያውም ወደ መጀመሪያው ምንጭ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ገበያው እንዲህ አያስብም። በምዕራቡ ዓለም የድሮ ቤዝ የመጀመሪያ ቀለሙ ከተነሣ ዋጋው በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ሰብሳቢ የሚገዛው ድምፁን ብቻ አይደለም፣ ጭረቱንም ነው። በዚህ ሚዛን ጃኮ ፓስቶሪየስ ከሁሉ የከፋ ጥፋተኛ በሆነ ነበር። ያ አሜሪካዊ የ1962ቱን ጃዝ ቤዙን ፍሬቶች ነቅሎ፣ ክፍተቱን በመሙያ ደፍኖ፣ የጣት ሰሌዳውን ለጀልባ በሚያገለግል ኤፖክሲ ለበጠው። በዚያ ልባጭ ላይ የተጫወተውን ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ቤዝ ተጫዋች ሁሉ ይማረዋል። ሰብሳቢና ተጫዋች የሚፈልጉት አንድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም፤ አንድ አሮጌ ቤዝ በእጁ የገባ ሰውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቢወስን ይበጀዋል።

ተጫዋች ከሆነ፣ ቀለሙ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚታየው አንገቱ ነው። አራቱ የቤዝ ክሮች በአንድነት ከ70 እስከ 80 ኪሎ በሚደርስ ኃይል አንገቱን ይስባሉ፤ ለዓመታት ተወጥሮ የቆመ ቤዝ እንደ ቀስት ቢጎብጥ አያስደንቅም። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ ማስተካከያ አለው፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፣ ከዚያም እንጨቱ እስኪላመድ ይጠበቃል። የቸኮለ ሰው ዘንጉን ይበጥሳል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ ፒክአፑ በኦም ሜትር ይለካል። የፕሪሲዥን ቤዝ ዓይነት ከሆነ 10 ወይም 11 ኪሎ ኦም ገደማ ካነበበ ጤነኛ ነው፤ ምንም ካላነበበ ከፀጉር በቀጠነው የመዳብ ሽቦ ውስጥ አንድ ቦታ ተበጥሷል። በየከተማው ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ አይጠፋም፤ የእርሱ ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ሥራ ይወፍራል፤ ስለዚህ የሽቦው ውፍረት ሳይጣራ ሥራው አይሰጠውም። የሚንቋቋው የድምፅ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ አቧራ ብቻ ነው፤ ጽዳት ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ቀለሙ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ በወፍራም ፖሊየስተር የተለበጡ ናቸው፤ ይህን እስከ እንጨቱ ለመፋቅ መድከም ጉልበት ማባከን ነው፤ ብናኙም ለሳምባ ክፉ ነው። አሮጌው ልባጭ ካልተነሣ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ ስንጥቁን በስቱኮ መሙላት፣ በላዩ ስስ ስስ አድርጎ መርጨት ይበቃል። አንድ ወፍራም ቅብ ይንጠባጠባል፤ ስምንት ስስ ቅብ ግን እንደ መስታወት ይተኛል። የገዳሪፍ አየር የራሱ ጠባይ አለው። በክረምቱ እርጥበት ናይትሮ ቀለም ውኃ ይይዝና ነጭ ደመና ይለብሳል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ቀለሙ እንጨቱ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት፣ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ የተሻሉ ናቸው። ቀለሙ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ሽታው እስኪጠፋ ለሳምንታት በጥላ ተሰቅሎ ይቆያል።

ሐሻብ የሱዳን ሰዎች ለሙጫ ግራር የሚሰጡት ስም ነው፤ ገዳሪፍም ከሰሊጡና ከማሽላው ጋር በዚህ ሙጫ ይታወቃል። ለቀለም ዘመድ ነው፤ የውኃ ቀለምና ቀለም በጥብጠው የሚጽፉ ሰዎች የሚያውቁት ማጣበቂያ ነው። ለቤዝ ልባጭ ግን አይሆንም፤ የተጫዋች ላብ ያሟሟዋል። በአካባቢው የተትረፈረፈው ነገር ለዚህ ሥራ የማይረባ፣ የሚረባው ደግሞ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገዛ መሆኑ የዕጣ ጨዋታ ይመስላል።

አካሉን ከመርጨት በፊት አንገቱ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ይለያል። በብዙ የድሮ ፌንደሮች በአንገቱ ተረከዝ ላይ፣ አካሉ ውስጥ በሚደበቀው ጫፍ፣ በእርሳስ የተጻፈ ወይም በማኅተም የተመታ ቀን አለ። ብርጭቆ ወረቀት እዚያ አይደርስም። አንገቱ በሚገባበት ጉድጓድና በክር መያዣው ብረት ሥርም ጣት የሚያህል የአሮጌው ቀለም ሳይነካ በወረቀት ተሸፍኖ ይቆያል፤ ብረቱ ተመልሶ ሲታሰር ከውጭ አይታይም፣ ቀጣዩ ጠጋኝ ግን ሲፈታው ያገኘዋል።