የክሎሮፊል ፍሎረሰንስ

ሞለኪውል የዋጠውን ብርሃን ከፊሉን በሌላ ቀለም መልሶ ሲለቅ ፍሎረሰንስ ይባላል። ብርሃኑ ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይዘልላል፤ እዚያ ግን አይሰነብትም። ጥቂቱን ኃይል በሙቀት አጥቶ፣ የቀረውን በናኖሰከንዶች ውስጥ በብርሃን መልክ ለቆ ይወርዳል። የሚወጣው ብርሃን ከገባው የረዘመ ሞገድ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያሻም። ከሐረና ደን የተቀጠፈ የቡና ቅጠል ተወቅጦ በንጹሕ አልኮል ይዘፈዘፍና ይጠለል። ብልቃጡን በመስኮት ብርሃን ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ መብራት ከጎን ሲያበሩበት ደም ይመስላል። ክሎሮፊል ሰማያዊውንም ቀዩንም ይውጣል፤ የሚለቀው ግን ቀይ ብቻ ነው።

ሕይወት ያለው ቅጠል በዚህ መንገድ የሚለቀው ከዋጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ለምግብ ሥራ ይውላል ወይም ሙቀት ይሆናል። ከጎባ ከተማ በላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ የበቀለ ጅብራ የተባለ ተክል ሌሊቱን በውርጭ አድሮ ጠዋት ኃይለኛ ፀሐይ ያገኘዋል። የቀዘቀዘ ቅጠል ብርሃኑን ሁሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው በባሌ ተራሮች ጅብራ ላይ ይህን ጫና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል።

እንዲህ ያለውን ጫና በፍሎረሰንስ ለመለካት ቅጠሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ይቆይና ብልጭታ ይለቀቅበታል። በብልጭታው የጨመረው ፍሎረሰንስ ለከፍተኛው ሲካፈል ጤነኛ ቅጠል 0.8 አካባቢ ያሳያል፤ ብርሃን የጎዳው ከዚያ ያንሳል።