ደረቁ እጥበትና እጣቢው

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ አጣዬ ሲቃረብ፣ በስተ ግራው የይፋትን ተራሮች፣ በስተ ቀኙም ወደ አፋር በረሓ የሚያዘነብለውን ቆላ እያየ ያልፋል። አገሩ የጥጥ አገር፣ አርጎባዎቹም ከጥንት ጀምሮ በሽመናና በንግድ የታወቁ ስለሆኑ፣ ሸማን ማጠብ በየወንዙ ዳር የቆየ ግብር ነው። ሳሙና በየሱቁ ሳይገኝ በፊት ይህ ሥራ የሚከናወነው በእንዶድ ነበር፤ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፣ እድፉንም ከክሩ ያላቅቃል።

ሸማው ሲነጻ ሁላችንም ዓይናችንን በንጣቱ ላይ እናሳርፋለን እንጂ እድፉን ተሸክሞ ስለሄደው እጣቢ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ በተግባር ካነሡት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ደዌ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን፣ ከእጥበቱ ሥፍራ በላይ ግን ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን አስተዋሉ። የደዌውን ትል የሚያሳድጉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ከእጣቢው የተገኘው ይህ ምልክት የብዙ ዓመት ምርምር መነሻ ሆነ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አሰጣቸው። እንዶድ ግን ለዓሣም መርዝ ስለሆነ፣ እጣቢ በወንዝ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁልጊዜ በጎ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ውሃ የማይስማማቸው አልባሳት ደግሞ አሉ። የሱፍ ኮትን ውሃ ያሳብጠዋል፣ ያኮማትረዋልም፤ የጧፍ ጠብታ ያረፈበትን ከፋይና ወርቀ ዘቦ የተጠለፈበትን ካባ በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ መውቀጥ ጥፋት ነው። ክሩን ሳያሳብጥ ቅባቱንና ሰሙን የሚያሟሟ ፈሳሽ የተፈለገውም ስለዚህ ነው፤ በውሃ ፈንታ በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ማጠብ ደረቅ እጥበት ይባላል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ተቀምጠው ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፣ መጋቢት 3 ቀን 1821 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቶማስ ጄኒንግስ የተባለ የኒው ዮርክ ጥቁር አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ልብስን በደረቅ የማጽዳት ብልሃቱን በመንግሥት አስመዘገበ፤ በአሜሪካ የፈጠራ ባለመብትነት ከተሰጣቸው ጥቁሮችም የመጀመሪያው እርሱ ነው። ካገኘው ገንዘብ ለባርነት መጥፋት ትግል ይለግስ ነበር። ሰነዱ ግን በ1836 የመዝገቡ ቤት ሲቃጠል አብሮ ስለ ጠፋ፣ የብልሃቱ ምሥጢር ለትውልድ አልተላለፈም፤ እኔ ይህን ጥፋት ሳስብ እጅግ አዝናለሁ። በዚያው በ1821 እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራደይ በለንደን ፐርክሎሮኤትሊን የተባለውን ፈሳሽ በቤተ ሙከራ ሠራ፤ ለልብስ እጥበት እስኪውል ግን አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ መካከል በፓሪስ በ1825 የማቅለሚያ ቤት ባለቤቱ የዣን ባፕቲስት ዦሊ አገልጋይ የተርፐንታይን ፋኖስ በጠረጴዛ ልብስ ላይ ገልብጣ እድፉ ሲለቅ ታየ ይባላል፤ ከዚያም ሥራው በቤንዚን ተስፋፋ፣ ብዙ የእጥበት ቤቶችም በእሳት ጋዩ።

የማይቀጣጠለው ፐርክሎሮኤትሊን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቤንዚንን ቦታ ሲይዝ፣ ዋጋው ውድ ስለሆነ ተጠቅሞ መድፋት አልተቻለም፤ ስለዚህ አጣቢው ራሱ መታጠብ ነበረበት። ከማጠቢያ መኪናው የወጣው ፈሳሽ አስቀድሞ በማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያው አቧራውንና ቃጫውን ያስቀራል እንጂ የሟሟውን ቅባት አይዝም። ስለዚህ ፈሳሹ ይፈላል፤ ጥበቡም የአረቄ አውጪዋ ጥበብ ነው፤ ድፍድፉ በእሳት ላይ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዘቀዘው ዕቃ ውስጥ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል፣ አተላው ከታች ይቀራል። ፐርክሎሮኤትሊንም በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈልቶ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ፣ ቅባቱ፣ ሰሙና የለቀቀው ቀለም ከፈሳሹ ጥቂት ጋር በድስቱ ሥር ይቀራሉ። አብሮ የተነነው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ፈሳሹም ከውሃ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ይከብዳልና ከሥር ተለይቶ ይቀዳል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ታላቅነት ከእጥበቱ ይልቅ በዚህ ማጥራት ላይ ነው።

ይኸው ክብደቱ ግን በሜዳ ላይ ሲፈስ ክፉ ጠላት ያደርገዋል፤ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ይወርዳል፣ ከዚያ ማውጣቱም ብዙ ድካምና ብዙ ዘመን ይጠይቃል። የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ጋር መድቦታል፤ አሜሪካም በታኅሣሥ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ደንብ በ10 ዓመት ውስጥ ከልብስ እጥበት ሥራ እንዲወጣ ወስናለች።

ይህ ነገር ለይፋት ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ማሾውንና ሽንኩርቱን አጠጥተው ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም እንደ ዓባይ ወደ ባሕር አይወጣም፣ በአፋር ምድር ተጉዞ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች በደረቅ የሚያጥብ ሁሉ፣ ገና መሣሪያውን ሳይተክል፣ አተላውን የሚያከማችበትን የማያፈስ በርሜልና በርሜሉን ተረክቦ የሚያስወግደውን ወገን አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባዋል፤ ከፈሳሹ የተለየውንም ውሃ በቦይ ሊለቀው አይገባም፤ በዚያ ውሃ ውስጥ የቀረው ፐርክሎሮኤትሊን በዓይን አይታይምና።