የጌርኒካ ቦምብ ቀፎዎች

ሰኞ ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የእስፓኙን ጄኔራል ፍራንኮን በመደገፍ፣ የባስኮችን ጥንታዊት ከተማ ጌርኒካን ከሦስት ሰዓት በላይ በቦምብ ደበደቡ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር።

የፍራንኮ ወገን ግን ከተማይቱን ያቃጠሉት የሚያፈገፍጉት ባስኮች ራሳቸው ናቸው ሲል ካደ። ይሁን እንጂ ድልድዩና የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ሳይፈርሱ ቀርተዋል፤ የሚያፈገፍግ ጦር የሕዝቡን ቤት አቃጥሎ እነዚህን ለጠላቱ አይተውም።

የኢጣሊያን ወረራ ከኢትዮጵያ ሆኖ ሲዘግብ የነበረው የለንደኑ ታይምስ ወኪል ጆርጅ ስቲር፣ ከተማይቱ ገና ስትነድ ደርሶ የጀርመን ንስር የታተመባቸውን የተቀጣጣይ ቦምብ ቀፎዎች አየ፤ ይህንኑም ለዓለም አስታወቀ።

የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የባስክ መንግሥት 1,654 ሲል፣ ብዙዎቹ የኋለኛው ዘመን ተመራማሪዎች ከ150 እስከ 300 ይገምታሉ። የቁጥሩ ማከራከር ግን አድራጊውን አያጠራጥርም። የጀርመን ፕሬዚዳንት ሮማን ሄርሶግ የአገራቸውን ጥፋት በይፋ ያመኑት በ1989 ዓ.ም.፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ቀፎዎቹ ሳይታዩ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርገው ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚያ ስድሳ ዓመታት የተረፉት ሰዎች ለክህደቱ የሚመልሱት ቃላቸውን ብቻ በሆነ ነበር።